የጠፋ የጎልፍ ኳስ የሚያገኝ መሣሪያ በእርግጥ ይሠራል?

ጥያቄ፦ ጀማሪ ተጫዋች፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። ጎልፍ የጀመርኩት ባለፈው ዓመት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሲሆን፣ አሁን ቅዳሜ ጠዋት ከቤቴ ብዙ በማይርቅ የሕዝብ ሜዳ ላይ እጫወታለሁ። ሜዳው ግራና ቀኙ በትልልቅ የኦክ ዛፎች የተከበበ ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ቅጠሉ ሲረግፍ በአንድ ጨዋታ እስከ ስድስት ኳስ ይጠፋብኛል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደኝ አብረውኝ የሚጫወቱትንና ከኋላችን የሚመጡትን ሰዎች ማስጠበቄ ነው።

ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት ነገር አይቻለሁ፦ ሰማያዊ መስታወት ያለው መነጽር፣ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ ኳስ፣ እንዲሁም ቺፕ ያለበትን ኳስ የሚፈልግ የእጅ መሣሪያ። ቶፕጎልፍ የተባለው የጎልፍ መዝናኛ ቦታ ስሄድ እያንዳንዱ ኳስ የማን እንደሆነ ተለይቶ ነጥቡ በስክሪን ላይ ይመዘገባል፤ ታዲያ ይህ ለእውነተኛው ሜዳ ለምን አይሆንም? ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት የሞከራችሁ ብትመክሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የራዲዮ መሐንዲስ፣ ከቨርጂኒያ

ጥያቄዎ ትክክለኛ ነው፤ መልሱ ያለው ኳሱን የሚያነበው መሣሪያ የት ነው በሚለው ላይ ነው። ቶፕጎልፍ ለብዙ ዓመታት የተጠቀመባቸው ኳሶች በውስጣቸው ባትሪ የሌለው ትንሽ ቺፕ ነበራቸው፤ ቺፑን የሚያነበው መሣሪያ ደግሞ የተተከለው ኳሱ በሚያርፍበት ዒላማ ውስጥ ነው። ስለዚህ ኳሱ ራሱ ወደ አንባቢው ይመጣል፣ በመካከላቸው የሚቀረውም ርቀት በጣም አጭር ነው። በእርስዎ ሜዳ ግን አንባቢውን ይዞ ኳሱን መፈለግ ያለበት ሰው ነው። ባትሪ የሌለው ቺፕ የሚመልሰው ምልክት ሄዶ መመለስ ስላለበት፣ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ወደ እጅዎ የሚደርሰው ኃይል ወደ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። የተሻለ አንቴና ጥቂት ሜትሮችን ይጨምር ይሆናል እንጂ ይህን የተፈጥሮ ሕግ አይሽረውም።

የእጅ መፈለጊያው አዲስ ሐሳብ አይደለም። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ራዳር ጎልፍ የተባለ ምርት በዚሁ መንገድ ቀርቦ ነበር፤ ወደ ኳሱ ሲጠጉ ድምፁ እየፈጠነ ይመራዎታል። ሆኖም የሚያገኘው የራሱን ቺፕ የያዘ ኳስ ብቻ ነው፤ በቦርሳዎ ያሉትን ተራ ኳሶች አያውቃቸውም። በበረዶ ናዳ የተቀበሩ ሰዎችን ለመፈለግ የሚያገለግለው ሬኮ የተባለው የስዊድን ሥርዓትም ባትሪ በሌለው አንጸባራቂ ይሠራል፤ ፈላጊው የያዘው መሣሪያ ግን ለነፍስ አድን ሠራተኞች የተሠራ እንጂ በቅዳሜ ጨዋታ ቦርሳ የሚገባ አይደለም።

የብሉቱዝ ኳስ የራሱ ባትሪ ስላለው ከዚህ የተሻለ ርቀት ሊኖረው ይችላል፤ ችግሩ ሌላ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ምልክት በውኃ በቀላሉ ይዋጣል፤ ኳሱ እርጥብ ሣር ውስጥ ወይም በረጠበ ቅጠል ሥር ሲተኛ ስልክዎ የሚሰማው በጣም ቀርበው ሲቆሙ ነው። ኩሬ ውስጥ ከገባ ደግሞ ነገሩ አበቃ። ከዚህም በላይ የምልክቱ ጥንካሬ ቅርበትን እንጂ አቅጣጫን አይነግርም።

ምቱንም ማሰብ ያስፈልጋል። ዱላው ኳሱን የሚነካው ለግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ኳሱ ከዜሮ ተነሥቶ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል። ባትሪውም ብየዳውም ይህን ደጋግሞ መቻል አለበት። ኤርታግ የተባለችውን፣ የጠፋ ዕቃ በስልክ ለማግኘት የምታገለግለውን የአፕል ትንሽ መሣሪያ ኳስ ውስጥ ስለመክተት የሚጠይቁ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ኤርታግ ወርዷ 31.9 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በደንቡ ቢያንስ 42.67 ሚሊ ሜትር መሆን ወዳለበት ኳስ በልኬት ደረጃ ትገባለች፤ ይህን ምት እንድትችል ግን አልተሠራችም። እባክዎ አይሞክሩት።

መልስ፦ መነጽሩን ሁለት ዓመት የተጠቀምኩበት፣ ከአሌክሳንድሪያ

ሰማያዊው መነጽር ዋጋው ከሌሎቹ በጣም ያነሰ ነው፤ በትክክለኛው ቦታም ይሠራል። ሣርና የደረቀ ቅጠል ሰማያዊ ብርሃን የሚመልሱት በጥቂቱ ስለሆነ በመነጽሩ ሲታዩ ይጨልማሉ፤ ነጭ ኳስ ሁሉንም ቀለም ስለሚመልስ በዚያ ጨለማ ውስጥ ደምቆ ይወጣል። በዛፍ ጥላ ሥርና በደመናማ ቀን ጥሩ ነው። በጠራራ ፀሐይ ግን በየቅጠሉ ላይ የሚያብረቀርቀው ብርሃን ሁሉ ኳስ ይመስላል። ኳሱ ሙሉ በሙሉ በቅጠል ከተሸፈነም ምንም አይረዳም፤ ለዓይን የማይታየውን መነጽሩ ሊያሳይ አይችልም።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርዎ፦ ቢጫ ኳስ የሚጠቀሙ ከሆነ ይህን መነጽር አይግዙ። ቢጫ ቀለም ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥ ኳስዎ ከሣሩ ጋር አብሮ ይጨልማል። ቢጫውን ኳስ በባዶ ዓይን፣ ነጩን በመነጽር ይፈልጉ፤ ሁለቱን ማጣመር ከሁለቱም ያጎድላል። ቀይ ኳስ ደግሞ ቀይና አረንጓዴ መለየት ለሚቸግራቸው ሰዎች በሣር ላይ ከሁሉ የከፋ ነው።

መልስ፦ የቀድሞ ካዲ

በልጅነቴ አዲስ አበባ፣ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ባለው የጎልፍ ሜዳ ካዲ፣ ማለትም የተጫዋች ቦርሳ ተሸካሚና ረዳት፣ ነበርኩ። የእኛ መሣሪያ ዓይናችን ብቻ ነበር። ኳሱ እስኪቆም ድረስ ዓይናችንን አንነቅልም፤ ከዚያም ካረፈበት በስተጀርባ የሚታይ አንድ ነገር፣ ዛፍ ወይም ምሰሶ፣ መርጠን ወደዚያ በቀጥታ እንራመዳለን። ጀማሪ ተጫዋች ምቱ ሲበላሽበት በንዴት ፊቱን ያዞራል፤ ብዙው ኳስ የሚጠፋው በዚያች ሰከንድ ነው።

ርቀቱንም ያስቡበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ኳስ አርቆ ይሄዳል። ከቆላ የመጡ እንግዶች ኳሳቸውን ሲፈልጉት እኛ እነርሱ ከሚፈልጉበት ቦታ አልፈን ሄደን እናገኘው ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ያለ ጀማሪ ግን ብዙ ጊዜ ምቱን ከሆነው በላይ አርቆ ይገምታል። ስለዚህ ካሰቡት ቦታ አሥር እርምጃ ያህል ቀድመው መፈለግ ይጀምሩ። አንድ ጓደኛዎ ከጎን ቆሞ ቢመለከትልዎት፣ የሁለት ሰው እይታ የሚገናኝበት ነጥብ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል።

መልስ፦ በአካባቢ ውድድሮች በዳኝነት የማገለግል

በመሣሪያው ላይ ከመወሰንዎ በፊት ሰዓቱን ይወቁ። ከጥር 2019 ጀምሮ ለፍለጋ የተፈቀደው ከአምስት ደቂቃ ወደ ሦስት ደቂቃ ዝቅ ብሏል፤ ሰዓቱ የሚቆጠረውም እርስዎ ወይም ካዲዎ መፈለግ ከጀመራችሁበት ጊዜ አንሥቶ ነው። ስልክ አውጥቶ፣ መተግበሪያ ከፍቶ፣ ኳሱ እስኪገናኝ መጠበቅ ከዚሁ ሦስት ደቂቃ ይቀነሳል።

ኳሱ የጠፋ ከመሰለዎት ወደ ፊት ከመሄድዎ በፊት ተጠባባቂ ኳስ መሆኑን በግልጽ ተናግረው ሌላ ይምቱ፤ የመጀመሪያው ካልተገኘ አንድ ምት ቅጣት ተጨምሮ በእርሱ ይቀጥላሉ። ይህን ካላደረጉ እስከ መነሻው ድረስ ተመልሰው መምታት ግድ ይሆንብዎታል። ብዙ የሕዝብ ሜዳዎች በመደበኛ ጨዋታ ሌላ አማራጭ ይፈቅዳሉ፦ ኳሱ ጠፋ ተብሎ በሚገመትበት ቦታ አቅራቢያ፣ እስከ ፌርዌዩ (ሣሩ በአጭሩ የታጨደው የሜዳው መካከለኛ መስመር) ጠርዝ ድረስ ባለው ስፍራ ሁለት ምት ቅጣት ጨምሮ መቀጠል። በሜዳዎ ይህ ደንብ መኖሩን የሜዳውን ቢሮ ይጠይቁ። በመጸው ወቅት የቅጠል ክምርን በሚመለከት ጊዜያዊ የአካባቢ ደንብ የሚያወጡ ሜዳዎችም አሉ፤ ይህም ካለ ኳስዎ በክምሩ ውስጥ መግባቱ እርግጥ ሲሆን ያለ ቅጣት ሌላ ኳስ መጣል ይችላሉ።

ቺፕ ያለው ኳስ ለመጠቀም ካሰቡ በውድድር ኳሱ በተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ። በእያንዳንዱ ኳስዎ ላይም በማይለቅ ቀለም ምልክት ያድርጉ፤ ቅጠል ሥር ሁለት ነጭ ኳስ ተገኝቶ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሲቀር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ተጨማሪ፦ ነርስ፣ ከሜሪላንድ

ረጅም ሣርና ቅጠል ውስጥ የሚፈልግ ሰው መዥገርን አይርሳ። በአካባቢያችን «ላይም» (Lyme) የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉ መዥገሮች አሉ። ረጅም ካልሲ ያድርጉ፤ ቤት ሲገቡ ከጉልበት ጀርባና ብብት ውስጥ ይፈትሹ። ቅጠሉን በእጅዎ ሳይሆን በዱላዎ ይግለጡ።

ጠያቂው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የብሉቱዝ ኳሱን አልገዛሁም፤ መነጽሩን ገዝቼ ቢጫ ኳሶቼን ለወንድሜ ሰጠሁ። ባለፈው ቅዳሜ አራት ኳስ ወደ ዛፎቹ ሄዶብኝ ሦስቱን አገኘሁ፤ አንዱን በመነጽሩ፣ ሁለቱን ግን ካዲ የነበሩት ወንድማችን እንዳሉት ዛፍ መርጬ በቀጥታ በመሄድና ካሰብኩት ቀድሜ በመፈለግ ነው። አራተኛውን ከመታሁ በኋላ ወደ ፊት ሳልሄድ ተጠባባቂ ኳስ መትቼ ስለነበር ከኋላችን የነበሩትን አላስጠበቅናቸውም። የሁለቱ ምት ቅጣት አማራጭም በሜዳችን እንደሚሠራ የሜዳው ቢሮ ነግሮኛል።