ያማረረኝ ማስተማሩ ነው ወይስ ኃላፊው?

ጥያቄ
ነርሲንግ ማስተማር ከጀመርኩ ሰባተኛ ዓመቴ ነው። ተማሪዎቼን እወዳቸዋለሁ፤ ደመወዜም አልተነካም። ይሁን እንጂ አዲስ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ከተሾመ ወዲህ እሑድ ሲመሽ ልቤ ይከብደኛል። የሰኞን የተግባር ልምምድ ምድብ የሚለጥፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። በአንድ ዋርድ 14 ተማሪ ይሰጠኛል። አንዷ መድኃኒት ስትቀዳ፣ ሌላው ካቴተር ለማስገባት ሲጠብቀኝ፣ ዓይኔን ከማን ላይ ልንቀል? ይህንን ብነግረው «ሁሉም መምህር እንዲሁ ነው» ብሎኝ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ወደ ሆስፒታል ለመመለስ ማመልከቻ ጽፌያለሁ፤ አላስገባሁትም። የጠላሁት ሥራውን ይሁን ሰውየውን በምን ልለየው?

መልስ 1
አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሔርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ባቀረበው ሐሳብ የአለቃ ቁጥጥር፣ ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ሲጓደሉ ያስከፋሉ፤ ቢሟሉም በራሳቸው እርካታ አያመጡም። የሚያረካው ስኬት፣ ዕውቅናና ሥራው ራሱ ነው። እንግዲህ ኃላፊው ቢነሳልሽ ምሬቱ ይቀንስልሽ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቂ። ተማሪሽ ለመጀመሪያ ጊዜ በመርፌ ደም ሥር ሲያገኝ አሁንም ደስ ይልሻል?

መልስ 2
አራት ዓመት የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ፤ ከላይ በተባለው አልስማማም። የትኛውን ኮርስ እንደምታስተምሪ፣ የትኛው ዋርድ እንደሚደርስሽ፣ ድካምሽ በስብሰባ ላይ መነሳት አለመነሳቱን የሚወስነው ኃላፊው ነው። ታዲያ «ሥራው ራሱ» እና «ዕውቅና» የሚባሉት ከእሱ እጅ የት ይሸሻሉ? ደግሞም ልናዘዝ፦ እኔም ምድብ አዘገይ ነበር። ሆስፒታሉ ቦታ የሚያረጋግጥልኝ ሐሙስ ማታ ስለነበር ነው፤ ለባልደረቦቼ ግን አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። ንቀት መስሏቸው ኖሯል። ስለዚህ እህቴ፣ መጀመሪያ ምክንያቱን ጠይቂው። ቀጥሎ ለአንድ ሳምንት መዝግቢ፤ ተማሪዎቹ ስንት ጊዜ በሽተኛ ላይ ሠሩ፣ ከዚያ ውስጥ ቆመሽ ያየሽው ስንቱን ነው? እኔ አቤቱታ ሲመጣብኝ እከላከል ነበር፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲቀርብልኝ ግን ማምለጫ አልነበረኝም።

ጠያቂዋ
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ስፔክተር ያዘጋጀውን የሥራ እርካታ መጠይቅ ሞላሁት፤ 36 ጥያቄ ነው፣ ለዘጠኝ ዘርፎች አራት አራት። ሥራውን በሚመለከቱት ከፍ ያለ ነጥብ አገኘሁ፤ አለቃን በሚመለከቱት ወለል ነካሁ። ደም ሥር ላልከኝ፦ ባለፈው ማክሰኞ አንዱ በሦስተኛ ሙከራው ሲያገኝ ከበሽተኛው እኩል እፎይ አልኩ። መዝገቡን ሰኞ እጀምራለሁ። ማመልከቻው መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ አልቀደድኩትም።