ወደ ጌምስኮም የቪዲዮ ጨዋታዎች ትርኢት በባለሙያ ጎብኚነት ለመግባት ምን ማስረጃ ላቅርብ?

የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። በጣርማ በር ዳገት በቅሎዎቹን እየነዳ ስለሚያልፍ ሲራራ ነጋዴ የሞባይል ጨዋታ እየሠራሁ ነው። ጨዋታዬን ለገበያ የሚያቀርብልኝ አሳታሚ ፍለጋ ነሐሴ ላይ ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ በሚካሄደው ጌምስኮም መገኘት እፈልጋለሁ።

እንደ ተራ ጎብኚ መግባቱ አይጠቅመኝም። እዚያ ሰው አዲስ ጨዋታ ለመሞከር ለሰዓታት ይሰለፋል፤ እኔ የምፈልጋቸው ሰዎች ያሉት ለባለሙያዎች በተከለለው ክፍል ነው። ለባለሙያ ትኬት ደግሞ በዘርፉ መሥራትን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። የእኔ የንግድ ፈቃድ የሚለው «የኮምፒውተር ጥገና» ነው! ዘርፍ ለመጨመር አንድ ቢሮ ሄጄ ባስረዳ፣ ሠራተኛው የፕሌይስቴሽን ማጫወቻ ቤት ልከፍት መስሎት የሰፈሩን ልጆች እንዳላበላሽ መከረኝ።

ጊዜውም አያፈናፍንም። የአውሮፓ ኅብረት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ውሳኔ የኢትዮጵያውያን የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ የሚታይበት ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ረዝሟል። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድንም ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ አውጥቼ በር ላይ መመለስ አልፈልግም።

በዚህ ያለፋችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የጨዋታው ገጽና የሠራሁት ናሙና እንደ ማስረጃ ይበቃሉ? ወይስ ፈቃዱ የግድ መስተካከል አለበት? ከአሳታሚዎች ጋር ቀጠሮ የያዛችሁትስ ከቪዛው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ኤምባሲው የቀጠሮ ደብዳቤ ቢያይ ይረዳል የሚሉ አሉ፤ አሳታሚው ደግሞ መምጣቴን ሳያረጋግጥ ቀጠሮ የሚሰጠኝ አይመስለኝም።