ለጓሮ የዓሣ ኩሬ የትኛውን ማጣሪያ ልግዛ ለምትሉ፦ ጥቆማ

ኩሬ የሚጀምር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው የማጣሪያውን ነገር ነው። እኔ ግን ከማጣሪያው በፊት የውሃ መመርመሪያ ግዙ እላለሁ። ውሃው ጥርት ብሎ ከታች ያለው ጠጠር ቁልጭ ብሎ እየታየ ዓሣዎቹ ሊያልቁ ይችላሉ። የሚገድሏቸው፣ ከዓሣው ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ የሚመነጩት አሞኒያና ናይትራይት በዓይን አይታዩም።

መመርመሪያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ቀለሙን የምታዩት ወረቀት ነው። ፈጣን ነው፤ ግን ቀለሞቹ ስለሚቀራረቡ ግምት ይበዛበታል። ብዙዎቹም አሞኒያን ጭራሽ አይለኩም። የእኔ ምርጫ የጠብታው ነው። በትንሿ ቱቦ ውሃ ትቀዳላችሁ፣ ጠብታውን ቆጥራችሁ ትጨምራላችሁ፣ ነቅንቃችሁ መመሪያው ያለውን ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። በተለመደው የአሞኒያ ምርመራ ውሃው ቢጫ ሆኖ ከቀረ ሰላም ነው። ወደ አረንጓዴ ካደላ ምግብ አቁሙ፣ የተወሰነውን ውሃ ቀይሩ። አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። ፒኤች (የውሃውን አሲድነት የሚያሳየውን ቁጥር) የሚለካውንም አብራችሁ ግዙ፤ ምክንያቱም ፒኤች ከፍ ሲልና ውሃው ሲሞቅ ያው የአሞኒያ መጠን ይበልጥ መርዝ ይሆናል።

አሁን ወደ ማጣሪያው። ቆሻሻውን ስፖንጁ ይይዘዋል፤ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ግን እዚያ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ በጣም ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ስለዚህ ማጣሪያ ስመርጥ የማየው ነገር አንድ ነው፦ ባክቴሪያዎቹ በቂ ማደሪያ አላቸው ወይ?

በዚህ ሚዛን ለአብዛኛው ሰው የምጠቁመው ሳጥን ማጣሪያን ነው። ቦታ ይይዛል፣ ለዓይንም አያምርም። ውሃው በራሱ ወርዶ ስለሚመለስ ከኩሬው ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ግን ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡን ታያላችሁ፣ ስፖንጁን በቀላሉ ታወጣላችሁ፣ ማደሪያውም ሰፊ ነው።

ባለ ግፊቱ ማጣሪያ የታሸገ በርሜል ነው። ግማሹን መሬት ውስጥ ቀብሮ መደበቅ ይቻላል፣ ውሃውንም ወደ ፏፏቴ ሽቅብ ይገፋል። እጀታውን አዙራችሁ ማጠብ መቻሉም ደስ ይላል። ችግሩ መብራት ሲጠፋ ነው። ውስጡ የቀረው ውሃ ኦክስጅኑ ቶሎ ያልቃል፣ በሰዓታት ውስጥም ባክቴሪያዎቹ መሞት ይጀምራሉ። መብራቱ ቆይቶ ከመጣና ሲከፈት የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነ፣ ያንን ውሃ ወደ ውጭ ሳትደፉ ፓምፑን ወደ ኩሬው አታስነሱ። መብራት በሚያስቸግርበት ቦታ ለሚኖር ሰው ይሄኛውን አልመክርም።

ባለ ከበሮው ቆሻሻውን በራሱ አጥቦ የሚያስወግድ ነው። ብዙ ኮይ (ትልቅ የሚሆነው ባለ ቀለም የጌጥ ዓሣ) ላለው ሰው ድንቅ ነው። ሆኖም የባክቴሪያ ክፍል ለብቻው ይፈልጋል። ለጥቂት ጎልድፊሽ አያስፈልግም።

ካርቶኑ ላይ «እስከ 10,000 ሊትር» የሚለውን እንዳለ አትመኑ። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ዓሣ ለሌለው ወይም ጥቂት ላለው ኩሬ ነው። እኔ እጥፉን ግዙ እላለሁ። የኩሬውን ርዝመት፣ ወርድና ጥልቀት በሜትር አባዙና በ1,000 አባዙት። 3 በ2 በ1 ሜትር ከሆነ 6,000 ሊትር ነው ማለት ነው። ፓምፑ ቢያንስ በ2 ሰዓት ውስጥ ሁሉንም ውሃ አንዴ ማዞር አለበት፤ ስለዚህ በሰዓት 3,000 ሊትር። ኮይ ከሆነ በየሰዓቱ ቢያዞረው ይመረጣል። ፓምፑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ውሃው ሽቅብ ሳይወጣ ያለው ስለሆነ፣ በእናንተ ከፍታ ስንት እንደሚሰጥ ሻጩን ጠይቁ።

የዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት ውሃው እንደ ጎመን ጭማቂ አረንጓዴ ለሆነበት ሰው ጥሩ ነው። እንደ ክር የሚረዝመውን አልጌ ግን አያጠፋም፣ አሞኒያም አይቀንስም። አምፖሉ እየበራም ኃይሉ ስለሚደክም በዓመት አንዴ ገደማ ይቀየር። ሲበራ በቀጥታ አትዩት፣ ዓይን ይጎዳል።

«ባክቴሪያ በጠርሙስ» ከሚባለው ይልቅ፣ ዓሣዎቹ ጤነኛ ከሆኑለት ሰው ኩሬ፣ ባክቴሪያ ያደረበት የቆየ ስፖንጅ ቁራጭ ብታገኙ በጣም ይሻላል። ያለዚያ አዲስ ማጣሪያ እስኪበስል፣ ማለትም በቂ ባክቴሪያ እስኪያፈራ ሳምንታት ይፈጃል፤ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይቆያል። እስከዚያ ዓሣ አታብዙ።

የቧንቧ ውሃ የክሎሪን ማስወገጃ ስትገዙ ክሎራሚንንም (የክሎሪንና የአሞኒያ ውሁድ) የሚይዝ መሆኑን ጽሑፉ ላይ አረጋግጡ። ክሎሪን ውሃው ክፍት ሆኖ ሲቆይ ይተናል፣ ክሎራሚን ግን በቀላሉ አይለቅም። ዚዮላይት የሚባለው አሞኒያ የሚይዝ ድንጋይ አሞኒያ ድንገት ሲጨምር ያግዛል፤ ግን ኩሬው ውስጥ ጨው ከጨመራችሁ የያዘውን አሞኒያ መልሶ ይለቀዋል። ሁለቱን አንድ ላይ አትጠቀሙ።

ኩሬ የሚያጸዳ ባለሙያ ለምትቀጥሩ፦ ከዋጋው በፊት «ስፖንጁን በምን ታጥበዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። «በቧንቧ ውሃ፣ ነጭ እስኪሆን» ካላችሁ አመስግናችሁ ሸኙት። ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይጨርሰዋል። የሚያውቅ ሰው ከኩሬው ራሱ ባልዲ ውሃ ይቀዳል። ስፖንጁን ሁለት ሦስቴ ጨመቅ ጨመቅ ያደርገዋል፣ ወፍራሙ ጥቁር አተላ ይወጣል፣ ስፖንጁ ገና ቡናማ እንደሆነ ይመልሰዋል። ሁሉንም በአንድ ቀን አያጥብም፤ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ከሁለት ሳምንት በኋላ። ዓሣዎቹን የሚያወጣ ከሆነ በራሳቸው ውሃ፣ አየር እየተነፋላቸው፣ ላዩ በመረብ ተሸፍኖ ያቆያቸዋል። ሲጨርስም ውሃውን መርምሮ ቁጥሩን ይነግራችኋል። በዓመት አንዴ መጥቶ ኩሬውን እስከ ታች ከሚጠርግ ሰው፣ በየወሩ መጥቶ ጥቂት ጥቂት የሚሠራውን እመርጣለሁ። ውሃው በአንዴ ሲለዋወጥ ዓሣ ይጨነቃል።

ገንዘብ ከተረፋችሁ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ጨምሩ። ሌሊት ተክሉም አልጌውም ኦክስጅን ስለሚወስድ ውሃው ኦክስጅን በጣም የሚያንሰው ሊነጋጋ ሲል ነው። «ማታማ ይረፍ» ብላችሁ ዋናውን ፓምፕ እንዳታጠፉት አደራ።