ታቦር ተራራ ላይ የሳይክል በጎ ፈቃደኛ ቡድን፦ እንዳይበተን ምን እናድርግ?

የታቦሩ ልጅ
ሰላም የሐዋሳ ሳይክለኞች። ታቦር ላይ በማውንቴን ባይክ የምንወጣ ልጆች እየበዛን ነው። ጠዋት ለስፖርት በእግር የሚወጣ ሰው አለ፤ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችም አሉ። ባለፈው አንድ ልጅ ወድቆ ክንዱ ሲጎዳ ሁሉም ቆሞ ተያየ። አሁን ቅዳሜና እሁድ መንገዱን እየዞረ የሚረዳ ቡድን ልናቋቁም ነው። ስሙን ያስመዘገበ ብዙ ነው። የምፈራው ወር ሳይሞላ እንዳይበተን ነው። የሞከረ ካለ ይምከረኝ።

አላሙራ ሥር
ወንድሜ፣ በርታ። ነርስ ነኝ፤ አላሙራ ተራራ በኩል ከጓደኞቼ ጋር ይህንኑ እንሠራለን።

ደንብ አስከባሪ አትሁኑ። ፊሽካና ቁጣ ይዛችሁ ከወጣችሁ ሰው ይሸሻችኋል። ጎማው የተነፈሰበትን እርዱ። ለእግረኛ፣ ለአህያ፣ ለከብት ቁሙ። ሁለት ሳይክል ከተገናኘ የሚወርደው ለሚወጣው ያሳልፍ። እናንተን ያየ ልጅ ሳይነገረው ይለምደዋል።

አደጋ ላይ ግን አጥብቄ ልናገር። ከሦስት ሰው በታች አትውጡ። አንዱ ከተጎዳው ጋር ይቆያል። ሌላው ወደ 907 ደውሎ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጠራል፤ ከዚያ አስፋልቱ ድረስ ወርዶ ይቀበለዋል። ሦስተኛው ከፍ ብሎ የሚወርዱትን ሳይክሎች ያስቆማል። «ታቦር ላይ ነን» ብትሉ ማን ያገኛችኋል? ለየመታጠፊያው ስም አውጡለት፤ ሁሉም ይወቀው።

አንገቱን ወይም ጀርባውን ያመመውን አታንቀሳቅሱት። መተንፈስ ካልተቸገረ ሄልሜቱንም አታውልቁ። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ተጭናችሁ ያዙ፤ ቆመ አልቆመም እያላችሁ አትግለጡት። ደግሞ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ሳትወስዱ አትጀምሩ።

እንዳይበተን ያልከው፦ ከአንድ ሰው በወር አንድ ጠዋት ብቻ ጠይቁ። ተራው ወሩ ሲገባ ቴሌግራም ላይ ይውጣ። የማይመቸው ራሱ ተተኪ ይፈልግ። ስትጨርሱ ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርዳችሁ አብራችሁ ዓሣ ብሉ። እኛን እስካሁን ያቆየን ይሄ ነው።

ባለ ካቴናው
እኔ ሳይክል እጠግናለሁ። ከመነዳሪ ስትይዙ ለ26 ኢንች ጎማ የሚሆነውን ብቻ አትያዙ፤ 27.5 እና 29ም አለ። ቫልቩም ቀጭንና ወፍራም ስላለው መንፊያችሁ ለሁለቱም የሚሆን ይሁን። የካቴና መፍቻም አይቅር፤ ዳገት ላይ ካቴና የተበጠሰበት ሰው ሳይክሉን ተሸክሞ ነው የሚወርደው።

የታቦሩ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። እህቴ፣ ክረምት ላይስ ትወጣላችሁ?

አላሙራ ሥር
ዘንቦ መሬቱ ሳይጠጣ አንነዳም። ጭቃ ላይ ጎማ የሰራው ቦይ በሚቀጥለው ዝናብ ጎርፍ ይገባበታል። ሐምሌና ነሐሴ ዶማና አካፋ ይዘን ነው የምንወጣው። ውሃው መንገዱን ይዞ እንዳይወርድ በየመሃሉ ወደ ጎን እናስወጣዋለን። ቀድሞ የሚቦረቦረው ልጆቹ ፍሬን ይዘው የሚንሸራተቱበት መታጠፊያ ነው፤ ከእሱ ጀምሩ። ከመቆፈራችሁ በፊት ግን ቀበሌውን አስፈቅዱ።