ሕንድ ውስጥ 3ኛ ዓመት ቢቴክ ነኝ፦ ካት፣ ጌት ወይስ ፕሌስመንት?

ጥያቄ፦ ናቲ ዘቪዛግ

ሰላም የሀገሬ ልጆች። ቪሻካፓትናም (ቪዛግ) ውስጥ የኮምፒውተር ሳይንስ ቢቴክ (የ4 ዓመት የምህንድስና ዲግሪ) 3ኛ ዓመቴን እየጨረስኩ ነው። ጁላይ ላይ 4ኛ ዓመት ይጀመራል። ያኔ ኩባንያዎች ግቢ ድረስ እየመጡ መመልመል ይጀምራሉ፣ ፕሌስመንት የሚሉት ይህንን ነው። ሕንዳውያን የክፍሌ ልጆች ካሁኑ አብደዋል። ግማሹ ለካት፣ ማለትም ለኤምቢኤ መግቢያ ፈተና፣ ኮቺንግ (የፈተና ማጠናከሪያ ትምህርት) ተመዝግቧል። ግማሹ ጌት ጌት ይላል፣ የኤምቴክ (የምህንድስና ማስተርስ) መግቢያ ፈተና ነው። የቀሩት የኮዲንግ ጥያቄ ሲፈቱ ያድራሉ። እኔ ብቻ የቱን እንደምይዝ ግራ ገብቶኛል።

ሲጂፒኤዬ (አማካይ ውጤቴ) ከ10 7.8 ነው፣ ባክሎግ (ወድቄ የቀረብኝ ኮርስ) የለኝም። ሂንዲም ቴሉጉም ከሰላምታ አያልፍልኝም። ለውጭ ዜጋ የትኛው ነው የሚያዋጣው? ኮቺንግ የግድ ነው ወይ? ከቤት ብር ማስላክ ይከብደኛል፣ ምንዛሪውን ታውቁታላችሁ። ደግሞ ለመግቢያም ለሥራም በሚደረገው ግሩፕ ዲስከሽን (የቡድን ውይይት) ላይ እነዚህ ልጆች ሰው አያስተነፍሱም። እዚያ መሐል እንዴት ነው የሚገባው?

መልስ፦ የፑኔዋ

ናቲ፣ እኔ ኤምቢኤዬን እዚሁ ሕንድ ስለሠራሁ በካት ልጀምርልህ።

ካት የአይአይኤሞች፣ ማለትም የሕንድ ስመ ጥር የማኔጅመንት ተቋማት፣ መግቢያ ፈተና ነው። በዓመት አንዴ፣ ኖቬምበር መጨረሻ ላይ በኮምፒውተር ይሰጣል። ሦስት ክፍል አለው፦ እንግሊዝኛ ንባብ፣ የዳታና የሎጂክ ጥያቄ፣ ሒሳብ። እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ነው። አንዱ ክፍል ቶሎ ቢያልቅልህም ወደ ሌላው መዝለል አይቻልም። ትክክለኛ መልስ 3 ነጥብ ያስገኛል። ምርጫ ያለውን ጥያቄ ከሳትክ 1 ይቀነስብሃል። ቁጥሩን ራስህ የምትጽፍበት ጥያቄ ላይ ግን ቅጣት የለም፣ ስለዚህ እሱን ባዶ አትተው።

ሰው የማይገባው ፐርሰንታይሉ ነው። 99 ፐርሰንታይል ማለት ከመቶ 99 አገኘህ ማለት አይደለም። ወደ 3 መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው ይፈተናል፣ ከእነሱ 99 በመቶውን በለጥክ ማለት ነው። ከፊትህ ገና 3 ሺህ ገደማ ሰው አለ። ባለፉት ዓመታት ከጠቅላላው ነጥብ ግማሹን እንኳ ሳያገኙ 99 የገቡ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሁሉንም እሠራለሁ ብሎ የሚሮጥ ይወድቃል። የሚተወውን ጥያቄ የሚያውቅ ያልፋል።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ። የአይአይኤም ወንበር አንድ ትልቅ ክፍሉ በሕግ ለተለዩ የሕንድ ማኅበረሰብ ክፍሎች የተያዘ ነው። 27 በመቶው ኦቢሲ (ሌሎች ኋላ የቀሩ መደቦች) ለሚባሉት፣ 15 በመቶው ለኤስሲ (በሕግ የተዘረዘሩ ካስቶች)፣ 7.5 በመቶው ለኤስቲ (በሕግ የተዘረዘሩ ጎሳዎች)፣ 10 በመቶው ደግሞ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ነው። እኛ ከእነዚህ በአንዱም አንገባም። አንዳንድ አይአይኤሞች ግን የውጭ ዜጋን በጂማት (ዓለም አቀፍ የኤምቢኤ መግቢያ ፈተና) ውጤት ይቀበላሉ፣ አህመዳባድ አንዱ ነው። እኔ ብሆን ጂማትን ነው የምመርጠው። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ የሚፈጅ ፈተና ነው። ውጤቱ 5 ዓመት ያገለግላል። ካት ግን በዓመቱ ይቃጠላል። ጂማት ይዘህ ሌላ ሀገርም ማመልከት ትችላለህ። ጓደኞችህ ካት ስለተመዘገቡ አንተም ትመዝገብ የሚል ሕግ የለም።

መልስ፦ ሐይደራባድ ነዋሪ

የፑኔዋ በደንብ ብላዋለች። እኔ ማንም ቀድሞ የማይነግርህን ልንገርህ፣ የፕሌስመንቱን።

ሕንድ የውጭ ዜጋ የሥራ ቪዛ እንዲያገኝ የደመወዝ ወለል አላት። በዓመት ከ16.25 ላክ ሩፒ በላይ መከፈል አለበት። 1 ላክ 100 ሺህ ነው፣ ስለዚህ በወር ከ135 ሺህ ሩፒ በላይ ማለት ነው። ከወለሉ ነፃ የሆኑ ጥቂት የሥራ ዓይነቶች አሉ። ሶፍትዌር ከእነሱ ውስጥ የለም። አሁን ግቢህ የሚመጡትን አስብ። መቶ ሁለት መቶ ልጅ በአንድ ቀን የሚወስዱት ትልልቅ የሶፍትዌር አገልግሎት ድርጅቶች ለጀማሪ የሚከፍሉት ከ3 እስከ 4 ላክ አካባቢ ነው። ፈተናቸውን ብታልፍ፣ ኢንተርቪውም ብትደፍን፣ ኤችአር ፓስፖርትህን ሲያይ ነገሩ እዚያ ያበቃል። ጥላቻ አይደለም፣ ሕጉ ነው።

ይህን የምልህ ተስፋ እንድትቆርጥ አይደለም። ጉልበትህን የት እንደምታፈስ እንድታውቅ ነው። ከወለሉ በላይ የሚከፍሉ አሉ፦ ራሳቸው ምርት የሚሠሩ ኩባንያዎች፣ የውጭ ባንኮች የቴክኖሎጂ ማዕከላት፣ አንዳንድ ስታርትአፖች። ቤንጋሉሩና ሐይደራባድ ውስጥ ሞልተዋል። የእነሱ ፈተና ግን የምር ነው። የዳታ ስትራክቸርና የአልጎሪዝም ጥያቄ ሁለትና ሦስት ዙር ይጠይቁሃል። ከዚያ የዳታቤዝ፣ የኦፕሬቲንግ ሲስተምና የኔትወርክ መሠረታዊ ነገር አለ። «ዴድሎክ መቼ ይፈጠራል?» ሲሉህ አራቱን ሁኔታዎች ቆጥረህ ብቻ አትቁም፣ ከሠራኸው ፕሮጀክት ምሳሌ ስጥ።

ሌላው፣ ሲቲሲ (ኩባንያው ለአንተ በዓመት የሚያወጣው ጠቅላላ ወጪ) ሲሉህ አትደንግጥ፣ አትደሰትም። በዓመት ይህን ያህል ላክ ብለው የሚያስጮሁት ቁጥር ውስጥ ቦነሱ፣ የጡረታ መዋጮው፣ ኢንሹራንሱም አንዳንዴ ይገባል። እጅህ የሚገባውን ወርሃዊ ብር ጠይቅ። ለቪዛውም ቋሚው ደመወዝ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይስጡህ። ቦንድ (ይህን ያህል ጊዜ ሳትለቅ ትሠራለህ የሚል ውል) ካለ ደግሞ ሳታነብ እንዳትፈርም።

ናቲ ዘቪዛግ

ወይ ጉድ! ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን የነገረኝ ሰው የለም። እና ለፕሌስመንቱ ባልመዘገብስ?

ሐይደራባድ ነዋሪ

ተመዝገብ እንጂ! ነፃ ልምምድ የት ታገኛለህ? የኦንላይን አፕቲትዩድ ፈተናቸው፣ ቴክኒካል ኢንተርቪው፣ ኤችአር፣ ሁሉንም ቀምሰህ ትወጣለህ። ግን መጀመሪያ የፕሌስመንት ቢሮውን ሕግ ጠይቅ። ብዙ ግቢ ውስጥ አንድ ኩባንያ ከተቀበለህ ሌላው ጋ እንድትወዳደር አይፈቅዱልህም። ቪዛ የማያሰጥህ ትንሽ ቅጥር ትልቁን በር እንዳይዘጋብህ። ዜግነትህንም ከመጀመሪያው ንገራቸው፣ መጨረሻ ላይ ማወቃቸው ለማንም አይጠቅምም።

መልስ፦ ጋሽ ዴልሂ

ልጆች ጎበዞች ናችሁ። እኔ በአይሲሲአር (በሕንድ መንግሥት) ስኮላርሺፕ መጥቼ ማስተርሴን ሠርቼ፣ አሁን ፒኤችዲ ላይ ነኝ። ስለ ጌት ላክልበት።

ጌትን የቤንጋሉሩው የሳይንስ ተቋም አይአይኤስሲና ሰባት አይአይቲዎች (የሕንድ ስመ ጥር የቴክኖሎጂ ተቋማት) በየተራ ያዘጋጁታል። ፌብሩዋሪ ላይ ነው። 3 ሰዓት፣ 65 ጥያቄ፣ 100 ነጥብ። ከ100ው 15ቱ አጠቃላይ አፕቲትዩድ ነው፣ ቀሪው የራስህ ትምህርት። ውጤቱ 3 ዓመት ይቆያል፤ 3ኛ ዓመት ያለ ተማሪም መፈተን ይችላል። የግልህን ካልኩሌተር ይዘህ አትገባም፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ነው የምትጠቀመው። ቤትህ በእሱ ተለማመድ፣ መጀመሪያ ላይ እጅ ያስራል። የሚገርማችሁ ከዓመታት በፊት አዲስ አበባም የጌት መፈተኛ ጣቢያ ነበረች።

የክፍልህ ልጆች ግን ጌት ጌት የሚሉት ለኤምቴክ ብቻ አይደለም። ግማሹ ሐሳባቸው እንደ ኤንቲፒሲ ያሉ የመንግሥት ድርጅቶች ላይ ነው፣ በጌት ውጤት መሐንዲስ ይቀጥራሉ። ያ ለሕንዳውያን ነው፣ አንተን አይመለከትም። በጌት ኤምቴክ የገባ ሕንዳዊ ደግሞ በወር 12,400 ሩፒ ድጎማ አለው። የአንተ መንገድ ሌላ ነው። አይአይቲዎች የውጭ ዜጋን የሚቀበሉበት የተለየ ማመልከቻ አላቸው፤ ጌት የማይጠይቁ፣ በጂአርኢ (ዓለም አቀፍ የማስተርስ መግቢያ ፈተና) ወይም በራሳቸው ኢንተርቪው የሚያዩ አሉ። አይሲሲአርም ለማስተርስና ለፒኤችዲ ይሰጣል። አይአይቲ ማድራስ በ2023 ዛንዚባር ላይ ካምፓስ ከፍቷል፣ ለእኛ ሰፈር ቅርብ ነው፣ እሱንም ተመልከት።

ባጭሩ፣ አንተ ጌትን የምትፈተነው ምርምር ወይም ማስተማር ከፈለግክ ብቻ ነው። ካልሆነ ስድስት ወርህን አትብላው።

መልስ፦ ቤቲ ከቻንዲጋር

ኮቺንግ የግድ አይደለም! የቆዩ ፈተናዎች ኢንተርኔት ላይ በነፃ አሉ። ትምህርቱም ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። ገንዘብ ካለህ ሞክ (የሙከራ) ፈተና ብቻ ግዛ። እኔን አንድ የታወቀ ኮቺንግ ቤት ሙሉውን አስቀድሞ አስከፍሎኝ፣ በሁለተኛው ወር አስተማሪው ተቀየረ፣ ገንዘቤን ደግሞ አልመልስም አለ። እንደ ኮታ ያለ የኮቺንግ ከተማ የሚኖረው ለአይአይቲና ለሕክምና መግቢያ ለሚዘጋጁ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች ነው፣ ያም ቢሆን ስንቱን ልጅ አጨናንቋል።

መልስ፦ የፑኔዋ

ቤቲ በአንድ ነገር አልስማማም። ከሥራ ጋር የሚያጠና፣ ራሱን መግዛት የሚያቅተው ሰው የኦንላይን ኮቺንግ ይጠቅመዋል። ናቲ ግን ሒሳቡ ትኩስ ነው፣ አያስፈልገውም። በሳምንት አንድ ሞክ ይበቃዋል። ዋናው ሞኩን መፈተኑ አይደለም፣ ማታ ቁጭ ብሎ የሳተውን ማየቱ ነው። ሁለት ሰዓት ከተፈተንክ ሦስት ሰዓት ገምግመው።

ግሩፕ ዲስከሽኑን ልመልስልህ። አብዛኛውን ጊዜ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰው በክብ ተቀምጦ 15 ደቂቃ ያህል ይከራከራል። ሕንዳውያን ከልጅነታቸው ክርክር ለምደዋል። ድምፃቸው ከፍ ያለ ነው፣ እርስ በርስ ይነጣጠቃሉ። እኛ ደግሞ ሰው ሳይጨርስ መናገር ነውር ነው ብለን አድገናል። እዚያ ጨዋ ሆነህ ዝም ካልክ ግን «አልተናገረም» ተብሎ ይጻፍብሃል። በጩኸት አትወዳደራቸው። ከፊትህ የተናገረውን ሰው ሐሳብ ጠቅሰህ ግባ፦ «ወጪውን አንስተሃል፣ እኔ ደግሞ ጊዜውን ልጨምር» በል። ከዚያ አንድ ቁጥር ወይም አንድ ምሳሌ ጣል አድርግ። ሦስት ጊዜ ይህን ካደረግክ በቂ ነው። ያልተናገረች ልጅ ካለች «ያንቺን ሐሳብ እንስማ» በል፣ ፈታኞቹ ይህን ያያሉ።

አንዳንድ አይአይኤሞች ይህን ትተው አጭር ጽሑፍ ያስጽፉሃል፣ ከዚያ ኢንተርቪው ነው። ሁለት ሦስት ፕሮፌሰር፣ 20 ደቂቃ ገደማ። ሦስት ነገር ይጠይቁሃል። አንደኛ፣ የተማርከውን። «ኢንጂነር ሆነህ ለምን ኤምቢኤ?» ሲሉህ «ማኔጅመንት እወዳለሁ» ካልክ አለቀልህ። ምን ሠርተህ፣ ምን ጎድሎህ እንደመጣህ ተናገር። ሁለተኛ፣ ዜና። ሦስተኛ፣ ሀገርህን። እዚህ ላይ ነው የእኛ ልጆች የሚፈዙት። ሕንዳዊ ጓደኛህ ስለ ከተማው ወንዝና ስለ ግዛቱ ኢኮኖሚ አንብቦ ይመጣል። አንተ ስለ ኢትዮጵያ «ቡና፣ 13 ወር» ብለህ ታልፈዋለህ? ስለ ግድቡ ይጠይቁሃል። 5,150 ሜጋዋት እንደሆነ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 እንደተመረቀ፣ ግብፅና ሱዳን ምን እንደሚሉ አውቀህ ግባ። ብሪክስን ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ እንደተቀላቀልን፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ ምን እንደሆነ ይጠይቁሃል። የአፍሪካ ኅብረት የጂ20 አባል የሆነው እዚሁ ኒው ዴልሂ በ2023ቱ ስብሰባ ላይ ነው። ይህን ስታነሳ ፊታቸው ይፈካል፣ እኔ አይቼዋለሁ። የማታውቀውን ደግሞ «አላውቅም» በል። የሚያናድዳቸው ግምት ነው።

መልስ፦ አዲስ ተመላሽ

እኔ ጨርሼ ሀገሬ ገብቻለሁ። ከየትኛውም ፈተና በፊት ወረቀትህን አስብ! ሕንድን ከመልቀቅህ በፊት ትራንስክሪፕት፣ ፕሮቪዥናል (ጊዜያዊ ዲግሪ)፣ ማይግሬሽን ሰርተፍኬት (የመልቀቂያ ወረቀት) የሚሏቸውን ሁሉ ሰብስብ። በሕንድ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ዴልሂ ባለው ኤምባሲያችን አረጋግጥ። እዚህ ስትመጣ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ግምት ይጠይቅሃል። በሰው በኩል ከአዲስ አበባ ሆኖ ማስጨረስ መከራ ነው። ቪዛህ የሚያልቅበትን ቀንም ኤፍአርአርኦ (የውጭ ዜጎች ምዝገባ ቢሮ) ላይ ቀድመህ እይ። ውጤት ዘግይቶ ቪዛው የሞተበት ልጅ አውቃለሁ።

ናቲ ዘቪዛግ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። እንግዲህ ካትንም ጌትንም ተውኩ። እስከ ዲሴምበር ኮዲንግ፣ ከዚያ ጂማት። አንድ ነገር ብቻ፦ የፕሌስመንት ፎርሙ የ10ኛ ክፍል ፐርሰንት ግባ ይላል፣ ከ60 በታች ከሆነ ወይም ባዶ ከሆነ ሲስተሙ አያሳልፈኝም። እኛ ጋ የ10ኛ ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል። ምን ልሙላ?

ጋሽ ዴልሂ

ከራስህ ቁጥር ፈጥረህ አትሙላ፣ በኋላ ወረቀት ሲያመሳክሩ ያስባርርሃል። የ10ኛ ክፍል የትምህርት ቤት ትራንስክሪፕትህ አማካይ አለው፣ እሱን ተጠቀም። ስትገባ ከኤአይዩ (ከሕንድ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር) ያወጣኸው የአቻ ግምት ወረቀት ካለህ አያይዘው። ሁለቱንም ይዘህ የፕሌስመንት ኦፊሰሩ ጋ በአካል ሂድ፣ «የውጭ ተማሪ» ብሎ ከሲስተሙ ጀርባ ያስተካክልልሃል። የፈቀደልህንም በኢሜይል ጻፍልኝ በለው። ደግሞ ጁላይን አትጠብቅ፣ ያኔ በሩ ላይ ሰልፍ ነው።