ሠዓሊን ያለ ብሩሽ በመድረክ ላይ ማሳየት፦ የፍሪዳ ካሎ መንገድ ለገብረ ክርስቶስ ደስታ ይሆናል?

የልምምድ ክፍል፦
ጤና ይስጥልኝ። በሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሕይወት ላይ የተመሠረተ፣ አርባ ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ የዳንስ ቴአትር ከስድስት ተወዛዋዦች ጋር መለማመድ ከጀመርን ሁለተኛ ወራችንን ይዘናል። በአርአያነት የያዝኩት የውዝዋዜ አዘጋጇ አናቤል ሎፔዝ ኦቾዋ ስለ ሜክሲኳዊቷ ሠዓሊ ስለ ፍሪዳ ካሎ ለእንግሊዝ ብሔራዊ የባሌ ዳንስ ቡድን ያዘጋጀችውንና እ.ኤ.አ. በ2016 በለንደኑ ሳድለርስ ዌልስ ቴአትር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውን «የተሰበሩ ክንፎች» የተሰኘ ሥራ ነው። እዚያ ታማራ ሮሆ ፍሪዳን ሆና ስትወዛወዝ ሠዓሊነቷን ለማመን ብሩሽ በእጇ ማየት አላስፈለገኝም። በእኛ ልምምድ ግን ዋናው ተወዛዋዥ ባዶ ሸራ ፊት ቆሞ ብሩሹን በአየር ላይ ባንቀሳቀሰ ቁጥር መድረኩ ይቀዘቅዛል፤ ባለፈው ቅዳሜ ለማየት ከመጡት አንዷ «ግድግዳ እየቀባ ነው እንዴ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። የሥዕልን ሥራ በአካል መናገር የሚቻለው እንዴት ነው?

ባለ ትከሻ፦
ብሩሹን ያስቀምጡት። ነገር ግን የፍሪዳው ሥራ የተሳካው ብሩሽን ስለተወ ብቻ አይደለም፤ የሠዓሊዋ ዋና ርእሰ ጉዳይ የገዛ አካሏ ስለነበረ ነው። በስድስት ዓመቷ ፖሊዮ ቀኝ እግሯን አቀጠነው፤ እ.ኤ.አ. በ1925፣ ገና በ18 ዓመቷ፣ የተሳፈረችበት አውቶቡስ ከትራም ጋር ተጋጭቶ የብረት መደገፊያ ዳሌዋን ወጋት፣ አከርካሪዋም ተሰበረ። ሥዕልን ሙያዬ ብላ የያዘችው ከዚያ በኋላ አልጋ ላይ ተጋድማ፣ ከበላይዋ በተሰቀለ መስታወት ራሷን እያየች ነው። ከ140 በላይ ከሚሆኑት ሥዕሎቿ ሲሦ ያህሉ የራሷ ምስሎች መሆናቸውን ካስታወሱ፣ በዚያ ሥራ ላይ በልዩ ልዩ ቀለም ረጅም ቀሚስ ለብሰውና አበባ ደፍተው የሚወጡት ወንድ ተወዛዋዦች ምን እንደሆኑ ይገባዎታል፤ የራሷ ምስሎች ናቸው፣ ይከቧታል እንጂ አይተኳትም።

ከዓመታት በፊት ወገቤን ተጎድቼ ከብብቴ እስከ ዳሌዬ በጀሶ ታስሬ ነበር። በዚያን ጊዜ ሬዲዮ ሲዘፍን ትከሻዬ ብቻውን እስክስታ ይመታ ነበር፤ ከትከሻ በታች ያለው ሁሉ የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር። ተወዛዋዦችዎን ደረታቸውን በነጠላ ጥፍር አድርገው ያስሯቸውና እስክስታ ያስመቷቸው፤ እስራቱ እንቅስቃሴውን ከማጥፋት ይልቅ ሁሉንም ወደ ላይ ገፍቶ ሲያወጣው ያያሉ።

የቀለም ሽታ፦
ወንድሜ ስለ ፍሪዳ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ነጠላውን ግን ለገብረ ክርስቶስ ማዋልዎን አልቀበልም። እኔ በሙያዬ ሠዓሊ ነኝና ስለ ሠዓሊ የሚሠራ መድረክ ሁሉ ወደ ሕመምና ወደ ትዳር ጭቅጭቅ ሲሮጥ ቅር ይለኛል። ፍሪዳ ሠዓሊውን ዲዬጎ ሪቬራን እ.ኤ.አ. በ1929 ማግባቷን፣ በ1939 መፋታታቸውንና በዓመቱ እንደገና መጋባታቸውን ተመልካቹ ሁሉ ያውቃል፤ በ1932 ከወረደባት ፅንስ በኋላ ራሷን በሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ስድስት ቀይ ክሮች በእጇ ጨብጣ፣ ከደብተር ብዙም በማይበልጥ የብረት ገበታ ላይ መሣሏን ግን ስንቱ ያስተውላል? እነዚያ ክሮች ለመድረክ የተሠሩ ያህል ናቸው፤ አንዱን ሲስቡት ሌላው ይላላል።

ገብረ ክርስቶስ ራሱን በሥዕሉ መሐል አላስቀመጠም። በ1932 ሐረር ተወልዶ፣ ብራና ላይ ይሥሉ ከነበሩት ከአባቱ ከአለቃ ደስታ እግር ሥር አድጎ፣ ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰ፤ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ፤ በ1981 በስደት፣ በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት ላውተን ከተማ አረፈ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ይህን በተራ ቢያወዛውዙት የሕይወት ታሪክ ንባብ ይሆንብዎታል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወዳለው በስሙ ወደተሰየመው ማዕከል ተወዛዋዦችዎን ይዘው ይሂዱና አንድ ሥዕል ፊት ሃያ ደቂቃ ያቁሟቸው። «ጎልጎታ»ን ያስቡ፤ ስቅለት ነው፣ የሚቀድመው ግን ቀዩ ነው። ቀዩ ከባድ ነው ወይስ ቀላል፣ ይፈስሳል ወይስ ይቆማል፣ ለዚህ በእግራቸው ይመልሱ።

የልምምድ ክፍል፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ብሩሹንም ሸራውንም አስወጣሁ። ነጠላውን የሞከርነው ለአንዱ ክፍል ብቻ፣ ለስደቱ ነው፤ አምስቱ ታስረው ትከሻቸውን እየመቱ ሲቆሙ ስድስተኛው ያልታሰረው ልጅ ከመሃላቸው ወጥቶ ሄደ፤ ለካ በሚሄደው ፋንታ የቀሩትን ማየት ነው የሚያሳዝነው። ቀዩን ደግሞ በሰው ፋንታ በአንድ ረጅም ጨርቅ ልንሞክረው አስበናል፤ ስድስቱም ጫፍና ጫፉን ይዘው ክብደቱን ይቀባበሉታል። አቡጀዲ ገዝተን ቀይ ልናስነክረው ነው። አራት ሜትር ይበቃል?

የቀለም ሽታ፦
ስድስት ሜትር ይግዙ። አቡጀዲ ከተነከረ በኋላ ያጥራል፤ ስድስት ሰው ሲይዘው ደግሞ መሃሉ ካልረገበ ክብደቱ አይታይም።