ቡችላዬ ማታ ማታ ልጄን እያሳደደች ትነክሳለች፤ ምን ላድርግ?

ሰላም እንዴት ናችሁ? የሦስት ወር ተኩል ቡችላ አለችን። ቀን ላይ ፀባይዋ ግሩም ነው። አመሻሽ ላይ ግን ድንገት ትነሳና ቤቱን ታተራምሰዋለች። የሱሪዬን ጫፍ ነክሳ ትጎትታለች፣ እጄንም አትምርም። የወተት ጥርሶቿ እንደ መርፌ ናቸው። የ6 ዓመቷ ልጄ ስትሮጥ ደግሞ ይብስባታል፤ ቁርጭምጭሚቷን ለመያዝ ታሳድዳታለች። ልጄ አሁን ማታ ማታ ከሶፋ መውረድ ፈርታለች። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ስትነክሰኝ ስጮህባት ጨዋታ ይመስላትና ይብስባታል። የጎማ መጫወቻ ስሰጣት ትንሽ አኝካ ትጥለውና ወደ እጄ ትመለሳለች። እርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዤ ስሰጣት ግን ደህና ትረጋጋለች። ድዷን ሳያሳክካት አይቀርም፤ ቡችሎች በዚህ ዕድሜ ጥርስ መቀየር ይጀምሩና እስከ 6 ወር ገደማ ይቀጥላሉ። ያን ያህል ጊዜ ልጄ ሶፋ ላይ ተሰቅላ እንድትኖር አልፈልግም።

እስካሁን የተሻለ የሠራው ዝም ብዬ ተነስቼ ክፍሉን ለቅቄ መውጣት ነው። ትንሽ ቆይቼ ስመለስ ቀዝቅዛ አገኛታለሁ። ልጄ ግን ይህን ማድረግ አልቻለችም፤ ስትደነግጥ ትጮሃለች፣ ትሮጣለች። ቡችላዋ ከሰዓት በኋላ ሳትተኛ በዋለችበት ቀን ደግሞ ንክሻው እንደሚጠነክር አስተውያለሁ። መምታት የሚባለውን አልሞክረውም፤ የሰው እጅ የምትፈራ ውሻ እንድትሆን አልፈልግም።

ትንሽ ልጅና ቡችላ አንድ ላይ ያሳደጋችሁ፣ ልጅ ስትሮጥ እየተከተለች መንከሷን እንድትተው ያደረጋችሁት እንዴት ነው?